በሙሉሃብት ጎን ያደረ እንግዳ

የምነግራችሁ ነገር ከራሱ እስከ ጅራቱ እውነት ነው። ከዋሸሁ የአሸተን ማርያምን አቀበት ገብስ ተሸክሜ ልውጣው፤ አናቱ ላይ ስደርስም «ገብሱ የሚፈለገው ታች ነው» ይበሉኝ። ይህን ያህል ምዬ አሁንም የሚጠራጠር ካለ ብልባላ ወርዶ ታፈረን ይጠይቅ። ታፈረ ብልባላ ይኖራል። ግራ ኩላሊቱ ግን ኑሮው ጋሸና ነው።

እንዴት ተለያዩ ብትሉ፣ የታፈረ ሚስት የሙሉሃብት ኩላሊቶች ሥራ አቆሙ። ታፈረም «ከኔ አንዱን አውጡና ስጧት» አለ። ቢመረመር ደሙ ከደሟ አልስማማ አለ። «ይህን ሁሉ ዘመን ያጨቃጨቀን ደማችን ኖሯል ለካ» አለ ይባላል። በዚያው ወራት ጋሸና መገንጠያው ላይ የከባድ መኪና ጎማ የሚጠግን ሙጂብ የሚባል ሰው ለሚስቱ ለሂንድ ሊሰጥ ቀርቦ በዚያው ምክንያት ተመለሰ። ሐኪሞቹ አሰቡና ሁለቱን ቤት አገናኙ። የታፈረ ለሂንድ፣ የሙጂብ ለሙሉሃብት ይሁን አሉ። እድሩም ጀመዓውም አዋጣ፤ አራቱም ባሕር ማዶ ተሻግረው፣ ተለዋውጠው፣ በሰላም ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቤቶች «የጎን ዘመድ» ይባባላሉ። አበልጅ አይደሉ፣ አማች አይደሉ፤ አገሩ ለእንዲህ ያለ ዝምድና ስም ስላልነበረው ራሳቸው አወጡለት። ለፋሲካ ጠቦቱ ከጋሸና ይመጣል፤ ለዒድ ከብልባላ ይሄዳል። የሚላከው በእግሩ የሚሄድ ጠቦት ነው። አንዱ የሌላውን እርድ አይበላምና ማረዱን የተቀባዩ ቤት ያውቅበታል።

ነገሩ የተበላሸው ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሰሞን በገቡበት ዓመት ነው።

ዶክተር ትሕትና የምትባል ሐኪም አለች። ከአዲስ አበባ በየወሩ ላሊበላ እየመጣች ኩላሊት የተተከለላቸውን ታያለች፤ የሰጡትንም ታያለች። ጥናት ላይ ናት። የተተከለ ኩላሊትና የተተከለ ቆሽት በሰው ገላ ውስጥ ዕድሜው ለምን እንደሚያጥር፣ ምን ቢደረግ እንደሚረዝም ነው የምታጠናው። ታፈረ መጀመሪያ ይህን ሲሰማ ኩላሊት የምትለውን በዝምታ አሳለፋት። ቆሽት የምትለው ስትመጣ ጋቢውን ሆዱ ላይ አጠበቀ።

«ቆሽት ደግሞ ምን ሊያደርግልዎት ነው፣ ዶክተር?»

«ውጭ አገር ስኳር ለጎዳቸው ሰዎች አንዳንዴ ኩላሊትና ቆሽት አብረው ይተክሉላቸዋል። ጥናቱ ሁለቱንም ስለሚመለከት ነው።»

«የኔ ቆሽት ለሰው አይሆንም። ሚስቴ አሳርራ ጨርሳዋለች።»

«ማንም አልጠየቀዎትም እኮ፣ ጋሽ ታፈረ።»

«ለዛሬ አልጠየቁኝም» አለ ታፈረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዶክተሯ ፊት ሲቀርብ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ነው።

እና በዚያ የጾም ወር ሙሉሃብት ለምርመራ ደም ሰጠች። ዶክተሯ ውጤቱን አየች፤ ደግማ አየችው።

«የኩላሊትዎ ቁጥር ከሚገባው በላይ ወጥቷል፣ እትዬ ሙሉሃብት። መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳሉ?»

«እወስዳለሁ።»

«ውኃስ?»

«እጠጣለሁ።»

ይህን ስትል ዐይኗ መሬት መሬቱን ነበር። ታፈረ አያት። ሠላሳ ዓመት አብሯት ሲኖር ስትዋሽ ይዟት አያውቅም፤ ስለዚህ ስትዋሽ ምን እንደምትመስል አያውቅም። ግን ይህን ሳትመስል አትቀርም ብሎ ጠረጠረ።

ዶክተሯ እሱን ብቻውን ነጥላ ነገረችው። እሱ በኋላ ለጎረቤት ሲያስረዳ እንዲህ ነበር የሚለው። «ሰውነት በረት ነው። የማያውቀው ወይፈን ሲገባበት ነባሮቹ በሬዎች ይወጉታል። ኪኒኑ የበሬዎቹን ቀንድ ማሰሪያ ገመድ ነው። ጧትና ማታ ካልታሰረ ወይፈኑ አለቀለት። ውኃ ካጣም እንደዚያው።» ምሳሌው የእሱ ይሁን የእሷ አልተጣራም። የመጨረሻውን ቃል ግን የተናገረችው እሷ ናት፦ «ይሄ ከሞተ ሌላ ከየት እናመጣለን? እርስዎ እንደሆነ ድርሻዎን ሰጥተው ጨርሰዋል።»

ታፈረ ወደ ቤት ሲመለስ መንገዱን ሙሉ ይህንኑ አሰበ። ሙሉሃብትን ዳግም በዚያ በሽታ አልጋ ላይ፣ ፊቷ አብጦ፣ እግሯ አብጦ ማየት አይችልም። ያን አይቶታል። ታዲያ ወይፈኑን የሚወጋው ማነው?

መጀመሪያ የጠረጠረው ወይፈኑን ራሱን ነው። እንዲያውም ያን ዕለት ሙጂብ ቀድሞ ደወለ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አያ ታፈረ። ቤቱ፣ ከብቱ፣ ሙሉሃብት ደህና?»

«እግዜር ይመስገን። ሂንድ ደህና ናት? ልጆቹ? ጎማው?»

«አልሐምዱሊላህ።» ሙጂብ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እንዲያው አያ ታፈረ፣ ያ የሰጠኸን ነገር፣ ዕድሜው ስንት ነበር?»

«ከኔው ጋር ነው የተወለደ። ምነው?»

«ኧረ ምንም። የሂንድ ቁጥር ወጣ ብሏል አሉንና ነው።»

«የናንተም ወጣ? ያንተኛውስ ሲሰጥ ደህና ነበር? የከባድ መኪና ጎማ ስታነሳ አጉብጠኸው እንዳይሆን።»

«ወላሂ አንድ ቀን አሞኝ የማያውቅ ነኝ።»

«እኔስ መች ታምሜ አውቃለሁ።»

«አብሽር በል እንግዲህ።»

«አሜን፤ ሰላም በሉልኝ።»

እንዲህ ተባብለው ስልኩን ዘጉና ሁለቱም ባሉበት ሆነው «የተበላሸ ሰጥቶኝ ነው» አሉ።

ታፈረ ከዚያ ሚስቱን መጠበቅ ጀመረ። ለበሬው ድርቆሽ ሲሰጥ በአጥሩ ቀዳዳ ያያታል። ከብት ሊያግድ የወጣ መስሎ ከጓሮ ዞሮ ይመጣል። ያየው ነገር ደግሞ የሚያስደስት አልነበረም።

ጾሙ ከመግባቱ በፊት የነፍስ አባታቸው መምሬ አረጋ «አንቺ በሽተኛ ነሽ፤ ወተትሽን ጠጪ፣ ኪኒንሽን ዋጪ፣ ፈትቼሻለሁ» ብለዋት ነበር። እሷ ግን ቀን ወተቱን አትነካም። ታፈረ ውኃ ሲያቀርብላት «እሺ» ብላ ትቀበለዋለች፤ ዞር ሲል ለጥጃዋ ትደፋላታለች። ጥጃዋ በዚያ ሰሞን ውኃ ጠጥታ ጠጥታ ስትራመድ እንደ ጋን ትንቦጫረቅ ነበር፤ ይህንን የሰፈር ሰው ሁሉ ሰምቷል። ኪኒኑንም መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጥራ ትውላለች እንጂ አትውጠውም።

ጎህ ሳይቀድ ግን ከጓዳ የሚቆረጠም ነገር ይሰማል። ገብስ ቆሎ ነው። ከቆሎው ላይ ውኃ፣ ከውኃው ላይ ኪኒን። አንዳንድ ቀን እንቅልፍ ጥሏት ጎህ ከቀደማት ኪኒኑም እስከ ማታ ቀረ። ማታ ደግሞ ደጃፍ ላይ ትቀመጥና ፀሐይዋ ከጋራው ኋላ እስክትጠፋ ታያለች። ስትጠፋ፣ በሬ ወንዝ ሲያገኝ እንደሚጠጣው፣ ትንፋሽ ሳትወስድ ትጠጣለች።

ልትጾም ፈልጋ ነው እንዳይል፣ የኛ ጾም እንዲህ አይደለም። ይህን ያረጋገጠው እሑድ ነው። እሑድ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ በዋሻ የሚኖር ባሕታዊ እንኳ ጧት ይቀምሳል። ሙሉሃብት እሑድም እስከ ማታ ጠብታ ውኃ በአፏ አልዞረም።

ታፈረ እርፉ ላይ ተደግፎ አሰበ። ጎህ ሳይቀድ መብላት፣ ቀን ውኃ እንኳ አለመቅመስ፣ ፀሐይ ስትገባ መጠጣት፣ እሑድ ቅዳሜ አለመለየት። ይህን ሥርዓት የት ነው የሚያውቀው? ጋሸና ነው የሚያውቀው። አምና በረመዳን ሙጂብ ቤት ሲሄድ አይቶታል።

«አሰለማት» አለ ለበሬው። «ኩላሊቱ ከውስጥ ሆኖ አሰለማት።»

በሬው አላስተባበለም።

ለማንም አልተናገረም። ለመምሬ አረጋ ቢነግር ምን ይሉታል? ለጎረቤት ቢነግርማ ገበያ ሳይደርስ ነገሩ ገበያ ይደርሳል። ግን ባሕር ማዶ ሆስፒታል ጎን ለጎን ተኝተው ሳለ ሙጂብ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ከመግባቱ በፊት ከንፈሩ ይንቀሳቀስ እንደነበር ትዝ አለው። ለኩላሊቱ አደራ እየሰጠው ነበር ማለት ነው። «ሄደህ እንዲህ አድርግ» እያለው።

ዶክተር ትሕትና ሁለቱንም ሴቶች አንድ ቀን ላሊበላ ጠራቻቸው፤ ባሎቻቸውም ይምጡ አለች። ሙጂብና ሂንድ በሚኒባስ መጡ። ሴቶቹ ተሳሳሙና ከግቢው ወይራ ሥር ተቀምጠው ራስ ለራስ ገጥመው ማውራት ያዙ። ወንዶቹ አጥሩን ተደግፈው ከሩቅ ያዩዋቸዋል። ድንገት ሁለቱም ሴቶች አፋቸውን በሻሽና በነጠላ ይዘው ሳቁ። ያ ሳቅ ታፈረን አላስደሰተውም።

«ሙጂቤ» አለ፤ «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያኔ ልትቀደድ ስትል ከንፈርህ ምን ይል ነበር?»

«ዱዓ ነዋ።»

«ለማን?»

«ለራሴ። ፈርቼ ነበር። አንተስ አላማተብክም? ለዚያውም ጎንህ ላይ። አይቼሃለሁ።»

«የገዛ ጎኔ ነው። ባማትብበት ምን አለ?»

«ያኔ የገዛ ጎንህ ነበር። አሁን ሚስቴ ሆድ ውስጥ ነው ያለው፣ አያ ታፈረ።»

ታፈረ ዞር ብሎ አየው። ሙጂብም እንቅልፍ ያጣ ሰው ዐይን ነበረው።

«ሥጋ ትታለች» አለ ሙጂብ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሾርባውን ሥጋ እየለቀመች ለልጆቹ ታወጣለች። ቅቤ አትነካ። ሼኽ መሐመድኑር፣ አንቺ በሽተኛ ነሽና ረመዳን አትጹሚ ብለዋታል። እሺ ካለች ጧት ትብላ፤ አትበላም። እንቢ ካለች ፀሐይ እስክትገባ መግሪብን ትጠብቅ፤ አትጠብቅም። ውኃውንም ኪኒኑንም አቆይታ አቆይታ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ምስር በዘይት ትበላለች። ዘጠኝ ሰዓት የማን ነው፣ አያ ታፈረ? አንተ ንገረኝ።»

ታፈረ ዘጠኝ ሰዓት የማን እንደሆነ ያውቃል። ከልጅነቱ ጀምሮ ፀሐይዋን እያየ የጠበቃት ሰዓት ናት። ትንሽ ደስ ሊለው ዳዳው፤ ቀጥሎ ደነገጠ።

«የኔዋ ደግሞ» አለ፣ «እሑድን ትጾማለች። እስከ መግሪባችሁ።»

«እሑድን? ሱብሐነላህ።»

«አንተ ነህ ያሰለምካት።»

«አንተ ነህ ያስጠመቅህብኝ።»

ክርክሩ ከዚህ ሳያልፍ ነርሷ ጠራቻቸውና አራቱም ገቡ። ዶክተር ትሕትና አፏን ከመክፈቷ በፊት ታፈረ ቆመ።

«ዶክተር፣ ነገሩን ደርሰንበታል። ደም መቅዳት አያስፈልግዎትም። ሚስቶቻችን ሃይማኖት ተለዋውጠዋል።»

ሙሉሃብት ቀና ብላ አየችው። «ምን አልክ?»

«ሰልመሻል ወይ? እዚሁ በሰው ፊት ንገሪኝ።»

«ማተቤን አታየውም?»

«አያለሁ። ታዲያ እሑድን የሚጾመው ማነው?»

«እሱ ነዋ።»

«እሱ ማነው?»

ሙሉሃብት እጇን ጎኗ ላይ አሳረፈች። «እንግዳው።»

ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች።

«እኔን መምሬ ፈቱኝ» አለች ሙሉሃብት። ድምፅዋ ተቆጥቷል፤ ግን የተቆጣችው ለራሷ አልነበረም። «እሱን ግን ማን ፈታው? የመምሬ የንስሐ ልጅ አይደለም። ወሩ ገብቶ ወገኖቹ ሁሉ ሲጾሙ እሱን በቀን በጠራራው ውኃ ላጠጣው? ከቤቱ ተለይቶ እኔን ሊያድን የመጣ እንግዳ ነው። እንግዳን ሃይማኖቱን አስጥሎ ማሳደር የማን አገር ወግ ነው?»

«እሷ ልክ ናት» አለች ሂንድ። «እኔንም ሼኽዬ ፈቱኝ። የአያ ታፈረን የፈታው የለም። የነሱ ጾም ገብቶ ሥጋ ላበላው? ነገ ቢታዘበኝስ?»

«ተማክራችሁ ነው?» አለች ዶክተሯ።

«የለም፣ እቴ። አሁን ከወይራው ሥር ነው ነገሩን የተጨዋወትነው። እሷም እንደኔ ኖራለች» አለች ሂንድ።

ሙጂብ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ታፈረ አልተቀመጠም። የተናገረው ቃል ግን ከአፉ ወጥቶ ክፍሉ መሐል ቆሞ ነበር፤ ሁሉም ያየዋል።

ዶክተር ትሕትና አስረዳቻቸው። ኩላሊት ደም የሚያጣራ ሥጋ ነው፣ አይጾምም፣ አይቀድስም፣ አይሰግድም አለች። አንድ ለናቱ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሲነፈገው፣ ኪኒኑም ሰዓቱን ሲስት ይደክማል፤ ከደከመም ላይመለስ ይችላል አለች። ሴቶቹ በጨዋነት አዳመጧት። ስትጨርስ ሂንድ «ልክ ነሽ፣ ዶክተርዬ» አለች። «ግን የመጣበት ቤት አለው።»

እዚህ ላይ ሌላ ሐኪም ቢሆን ይቆጣ ነበር። ዶክተር ትሕትና ግን «እሺ፤ ማን ቢፈታው ነው የምታምኑት?» አለች።

መልሱ ግልጽ ነበር። ሙጂብ ወደ ሼኽ መሐመድኑር ደወለና ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሼኹ ነገሩን ሰምተው ብዙ ቆዩ። ታፈረ መስመሩ ተቋርጧል ብሎ ጎንበስ ሲል ድምፃቸው መጣ።

«በሽተኛና መንገደኛ አይጾሙም። ይሄ ኩላሊት ሁለቱንም ነው። የገባው በሽተኛ ቤት ነው፤ ከጋሸና ብልባላ ደግሞ ሙሳፊር ነው። ይጠጣ። ሙሉሃብትዬ፣ በኔ ይሁንብሽ፤ ጧትም ቀንም አጠጪው።»

«እሺ፣ ሼኽዬ። ዕድሜ ይስጥዎ» አለች ሙሉሃብት።

ቀጥሎ መምሬ አረጋ ተደወለላቸው። እሳቸው ሼኹን ያህል አልቆዩም።

«ታፈረ ራሱ በትክክል ይጾማል?» አሉ።

ታፈረ ወደ ስልኩ ጠጋ አለ። «ባብዛኛው እጾማለሁ፣ መምሬ።»

«እንግዲያው የዚያኛውንም ድርሻ አንተ ትጾምለታለህ። ዘጠኝ ሰዓት የለም፤ እስከ ማታ ነው። ጋሸና ያለው ኩላሊት ከሂንድ ማዕድ የቀረበለትን ይብላ፤ ፈትቼዋለሁ። ብልባላ ያለውን ታፈረን ጠብቄ ሳልጨርስ ጋሸና ያለውን ልጠብቅ አልችልም።»

ሂንድ እዚያው የዶክተሯን የውኃ ጠርሙስ ለመነችና ጠጣች። ግማሹን ለሙሉሃብት ሰጠቻት። ሙሉሃብት መቀነቷን ፈትታ ኪኒኑን አወጣች።

ታፈረ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም አለ። «አሁን ይህን የሰሙትን ወስደው ምን ሊያደርጉት ነው፣ ዶክተር?»

«ከእንግዲህ የሚመጣውን ሁሉ እጠይቀዋለሁ። ትጾማላችሁ ወይ ብዬ ነበር የምጠይቅ። ለማን ትጾማላችሁ ብዬ ጠይቄ አላውቅም።»

«ይኸው ብቻ?»

«ይኸው ብቻ።»

አላመናትም።

የሂንድ ቁጥር ፋሲካ ሳይደርስ ወረደ። የሙሉሃብት ዘገየ። ዶክተሯ አስተኝታ ግሉኮስ ሰጠቻት፣ መድኃኒቷን አስተካከለች፤ ታፈረም ሳይበላ ከአልጋዋ ራስጌ ዋለ፤ ማታ ማታ ብቻ ዳቦ ይቀምሳል። ቁጥሩ ወረደ፤ ወደ ድሮው ቦታው ባይመለስም ከወረደበት አልተነሣም። «ይኖራል» አለች ዶክተሯ። «ካጠጣችሁት ይኖራል።»

ወደ ብልባላ ሲመለሱ ቁልቁለቱ ላይ ታፈረ በቅሎዋን አቆመና «ሙሉሃብት፣ በሰው ፊት ያልሆንሽውን ብዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ» አላት። እሷም «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለችው።

ታሪኩ ይኸው ነው፤ ሁሉም እውነት ነው። አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ። ታፈረ ይቅርታ አልጠየቀም። ያምርበታል ብዬ እኔ ነኝ የቀጠልኩበት፤ እሱ ቁልቁለቱን ሙሉ ያወራው ስለ በቅሎዋ ኮቴ ነበር። በማግስቱ ግን ጀሪካኑን እንደ ሴት በገመድ አዝሎ፣ ገበያተኛው ቆሞ እያየው፣ ከምንጭ ውኃ ይዞ መጣ። ቀዳና ሰጣት። ዞርም አላለም። እስክትጨርሰው ቆሞ ጠበቀ፤ ከጨረሰችም በኋላ ዋጠችው አልዋጠችው እያለ ጉሮሮዋን ሲያይ ቆየ።